የሕመም ፈቃድ ዕድር ነው ወይስ ዕቁብ?

በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ለ30 ዓመት ያህል ያገለገለ አንድ ወዳጄ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ስልክ ደወለልኝ። ከሰላምታና ከቤተሰብ ጥያቄ በኋላ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛልና ላማክርህ» አለኝ። የጤና ወይም የልጆች ጉዳይ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። የጡረታ ወረቀቱን ሲያሠራ፣ በሥራ ዘመኑ ካገኘው የሕመም ፈቃድ ሲሶ ያህሉን ብቻ ስለተጠቀመ 2,087 ሰዓት እንደተረፈው፣ ይህም እንደ አንድ ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት ተቆጥሮ የጡረታ አበሉን ከፍ እንደሚያደርግለት ተነገረው። ደስ አለው። ከእርሱ ፊት ለፊት ተቀምጣ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ባልደረባ አለችው። የተቀጠሩት በአንድ ዓመት ነው፤ ደረጃቸውም አንድ ነው፤ ጡረታ የሚወጡትም በአንድ ወር ነው። እርሷ ግን ካንሰር ይዟት ስትታከም ፈቃዷን አሟጣ ጨርሳለች። በወረቀቷ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው ዜሮ ነው።

«እኔ አልታመምኩም፤ እርሷ ታመመች። አላህ ጤና ሰጠኝ፤ መንግሥት ደግሞ ጤነኛ በመሆኔ ገንዘብ ይጨምርልኛል። ለመሆኑ ይህ ገንዘብ ይገባኛል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

ገንዘቡ ምን ያህል ነው? ብዙ አይደለም። በአሁኑ የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ዕድሜው 62 የደረሰና ቢያንስ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ከከፍተኛ የ3 ዓመት አማካይ ደመወዙ 1.1 በመቶ ይታሰብለታል። የወዳጄ አማካይ 80,000 ዶላር ቢሆን፣ ያች የተጨመረችለት አንድ ዓመት በዓመት 880 ዶላር፣ በወር ደግሞ 73 ዶላር ገደማ ታስገኝለታለች ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሰውን እንቅልፍ የሚነሳው ሁልጊዜ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። አንድ ብር የማን እንደሆነ ሳያውቅ ኪሱ ሲገባ የሚጨነቅ ሰው አለና።

ጥያቄው በእኔም ላይ ሥራ ፈጠረብኝ። ለመልሱ ከመቸኮሌ በፊት የፈቃዱን ታሪክ ማየት ነበረብኝ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ የደመወዝ ጊዜ 4 ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ በዓመት 13 ቀን ይሆናል። ያልተነካው ያለ ገደብ ይጠራቀማል። ነገር ግን እንደ ዓመት ዕረፍት ሥራ ሲለቁ በገንዘብ አይመነዘርም። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ሕግ በቀድሞው የጡረታ ሥርዓት ውስጥ ላሉት ሠራተኞች ያልተጠቀሙበትን የሕመም ፈቃድ በጡረታ ስሌት ውስጥ አስገባላቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 አዲሱ ሥርዓት (ሠራተኞቹ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ፌርስ» ይሉታል፤ ከፈረስ ጋር ዝምድና የለውም) ሥራ ሲጀምር ይህ ቀረ። በአዲሱ ሥርዓት የታቀፈ ሠራተኛ ሳይታመም 30 ዓመት ቢሠራ የተጠራቀመው ፈቃድ በወጣ ዕለት በኖ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጡረታው የተቃረበ ሠራተኛ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። ሰኞ ራስ ምታት፣ ዓርብ ወገብ። በሽታው ስም ወጥቶለት «የፌርስ ጉንፋን» ተባለ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ለመከላከያ በወጣ ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ (የጉንፋን ነገር ከታንክና ከመርከብ ጋር እንዴት እንደተገናኘ የአገሩ ሰዎች ያውቁታል) ከተረፈው ፈቃድ ግማሹ እንዲታሰብ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ ሙሉው እንዲታሰብ ተወሰነ። ወዳጄ ዛሬ የሚያገኘው በዚህ ሕግ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። መንግሥት ለሠራተኛው «ስትታመም 13 ቀን አለህ» ሲለው ምን እየሰጠው ነው? ገንዘብ ነው ወይስ ጥላ?

በእኛ አገር ሁለቱን የሚለይ ነገር በየሰፈሩ አለ። ዕቁብ የገባ ሰው የጣለውን ያህል ተራው ሲደርስ ያነሣል፤ አንዲት ሳንቲም አትቀርበትም፤ የእርሱ ነውና። ዕድር ግን እንዲህ አይደለም። 30 ዓመት ሙሉ መዋጮውን ሳያቋርጥ የከፈለ፣ ሐዘን ግን ቤቱን ያላንኳኳ ሰው፣ ለዕድሩ ዳኛ ማመልከቻ ጽፎ «እኔ ሰው ስላልሞተብኝ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ቢል ምን ይባላል? ሰፈርተኛው ይደነግጥለታል። ከጎረቤቱ ጋር እኩል ከፍሏል፤ ጎረቤቱ ድንኳኑንም ገንዘቡንም አግኝቷል፤ እርሱ ምንም አላገኘም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ተበደልኩ ማለት አይችልም። ያልደረሰው ነገር እንዳይደርስበት ሲለምን የኖረው ነገር ነውና።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው ዝም ብሎ አልተቀበለኝም። «ዕድር ላይ እኩል ከፍለን ነው። እዚህ ግን እኔ ከእርሷ ይበልጥ ሠርቻለሁ። እርሷ ሆስፒታል በተኛችባቸው ወራት የእርሷንም ፋይል የያዝኩት እኔ ነኝ። ደመወዛችን ግን እኩል ነበር» አለ። ልክ ነው፤ ይህን በዋዛ ማለፍ አይገባም። የሠራባቸውን ሰዓቶች በእርግጥ ሠርቷል። ቢሆንም ለእነዚያ ሰዓቶች በየሁለት ሳምንቱ ደመወዙን ተቀብሏል። ለእርሷ ሳትሠራ መከፈሉ ለእርሱ ዕዳ አይወልድም፤ የጎረቤት ድንኳን ለእኔ ዕዳ እንደማይወልደው ሁሉ። የደከመበት ፋይል ጉዳይ ከሆነ ደግሞ አለቃው በጊዜው የትርፍ ሰዓት ሊያስብለት ይገባ ነበር፤ ከ15 ዓመት በኋላ በጡረታ ስሌት በኩል የሚመለስ ነገር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። መዝገቡ ላይ ያልተነካ 8 ሰዓት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ጤነኛ ሆኖ የመጣም፣ አለቃውን ፈርቶ እየታመመ የመጣም፣ ግትር ሆኖ የመጣም ያው 8 ሰዓት ይጻፍለታል። ደሴ የነበሩት አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሒሳብ ይሠሩ ነበር። አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም፤ ጡረታ ሲወጡም ይኸው በምስጋና ወረቀታቸው ላይ ተጽፎላቸው ወረቀቱን በመስተዋት አስገብተው ሳሎን ሰቅለውት ነበር። ልጅ ሆኜ በዚያ ወረቀት እኮራ ነበር። በኋላ ግን ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ወባ እያንቀጠቀጣቸው ቢሮ በገቡበት አንድ ወር የሁለት ሠራተኞችን ደመወዝ አሳስተው ጽፈው፣ ሰዎቹ ጎድሎባቸው እስኪስተካከል ድረስ ወር ሙሉ ተቸግረዋል። «ያን ቀን ቤቴ ብተኛ ኖሮ መንግሥትም እነርሱም በተጠቀሙ» ይሉ ነበር። ለመገኘት ዋጋ ስንሰጥ ሳናስበው እንዲህ ላለው መገኘትም ዋጋ መስጠታችን ነው። ወባ እንኳ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ አይተላለፍም። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት «አልቀርም» ብሎ ክፍል የሚገባ መምህርስ?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደላ ነው። የአሜሪካኑን ሕግ የሚደግፍ ሰው ግን ጠንካራ ነገር አለው። እርሱም የሐሰተኛውና የእውነተኛው ነገር ነው። ከ1987 እስከ 2009 በነበረው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጤነኛ ሠራተኞችን አስቡ። አንደኛው «ታምሜያለሁ» ብሎ እየዋሸ ፈቃዱን በሙሉ እቤቱ ሆኖ በላው። ሁለተኛው ፈጣሪውን ፈርቶ፣ ያልታመመ አፉን «አመመኝ» ከማለት ጠብቆ ሥራው ላይ ተገኘ። በጡረታቸው ዕለት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ውሸታሙ ወራት ያህል ዕረፍት አትርፏል። ሕጉ እውነተኛውን ሰው ቂል አደረገው። እንዲህ ያለ ሕግ ሰው ሁሉ እንዲዋሽ ባያዝም፣ መዋሸትን ብልጠት እያስመሰለ ያስተምራል። በውሸት በተገኘ የሐኪም ወረቀት እቤት ውለው የተቀበሉት ደመወዝ ሐላል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከበዓል ማግስት የሚታመሙ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀቱን የሚጽፍላቸውንም እናውቃለን።

ስለዚህ የ2009ኙን ሕግ እንዲህ እረዳዋለሁ፤ ለጤነኛው የሚገባውን መብት የመለሰ ሕግ ሳይሆን፣ እውነተኛው በውሸታሙ እንዳይበለጥ የተከፈለ ዋጋ ነው። እንደ ዋጋ ከታየ ልክ ነው እላለሁ። ችግሩ ዋጋውን የከፈለችው ማን እንደሆነች ስናይ ነው። ውሸታሙ አልከፈለም። የከፈለችው በእርግጥ የታመመችው፣ ዜሮ የተጻፈባት ሴት ናት። አበሏ ከቀድሞው አልቀነሰም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከእንግዲህ ከጤነኛው አጠገብ ስትቆም ሕመሟ በወር 73 ዶላር ያጎድላታል፤ አንድ ጊዜ በሰውነቷ፣ ሁለተኛ በወረቀቷ ታማለች ማለት ነው።

በገንዘብ መመንዘር ሲጀመርማ ነገሩ የባሰ ነው። በኒው ጀርሲ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ለተረፈው የሕመም ፈቃድ እስከ 15,000 ዶላር ይከፈለዋል። ይህን ገደብ ያላበጁ ከተሞች ለአንዳንድ ተሰናባቾች ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለከፈሉ ሕዝቡ «የጀልባ ቼክ» ብሎ ሰየመው፤ ጀልባ የሚያስገዛ ነውና። ጥላው ጀልባ ሆነ።

ለመሆኑ ፈቃዱ በእርግጥ የሠራተኛው ንብረት ቢሆን ኖሮ ለሚወደው ሰው መስጠት በቻለ ነበር። ወዳጄ ያጫወተኝ ነገር ይህን ያሳያል። ባልደረባው ፈቃዷን ስትጨርስ በመሥሪያ ቤቱ ለታመመ ሠራተኛ ፈቃድ የሚለገስበት ደንብ ስለነበረ ሊረዳት ሄደ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣ ሕግ የመጣ ነው። የዓመት ዕረፍቱን መለገስ እንደሚችል፣ የሕመም ፈቃዱን ግን እንደማይችል ተነገረው። ከዓመት ዕረፍቱ 5 ቀን ሰጣት። ሺህ ሰዓት የሚያህለው የሕመም ፈቃዱ እዚያው ተቀመጠ። ለሕመም የተሰጠ ነገር ለታመመ ሰው ሊተላለፍ አልቻለም፤ ላልታመመው ጡረታ ግን ሆነ። ከዚህ ሁሉ ነገር እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ሕጉን የሚያሻሽል ቢኖር ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ።

የእኛ አገር ሕግ በዚህ በኩል መንገዱ ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 2010 ዓ.ም. ያገለገለው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለታመመ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 8 ወር፣ በ4 ዓመት ውስጥ እስከ 12 ወር ይፈቅድ ነበር፤ በመጀመሪያ በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ በግማሽ፣ በመጨረሻም ያለ ደመወዝ። በየሁለት ሳምንቱ የሚንጠባጠብ ሰዓት የለም፤ የሚጠራቀምም የለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714ም ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለሲቪል ሠራተኛ በየዓመቱ 1.25 በመቶ እያሰበ ከ70 በመቶ እንዳያልፍ ሲወስን፣ ሠራተኛው ስንት ቀን ሳይታመም እንደቀረ አልጠየቀም። ይህ የዕድር ሐሳብ ነው። ግን አናጋንነው። ሕመሙ በረዘመ ቁጥር ደመወዙ የሚቀንስበት፣ መድኃኒቱ ሲበዛ ኪሱ የሚራቆትበት ጥላ፣ ዝናቡ ሲበረታ የሚታጠፍ ጥላ ነው። እኛም ዕድራችንን አሟልተን አልሠራነውም።

ለወዳጄ መልሴን በሁለት ከፈልኩለት። ገንዘቡን መውሰድህ ስርቆት አይደለም፤ በታወቀ ሕግና ሳትዋሽ ያገኘኸው ነው፤ ተቀበለው አልኩት። «ለፍቼ ያገኘሁት ነው» ግን አትበል፤ የለፋህበትን በደመወዝ ወስደኸዋል፤ ይህ አንተ ያልሠራኸው ጤና ነው አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያም «ታዲያ 73 ዶላሩን በየወሩ ምን ላድርገው?» አለኝ። ይህንንማ እኔ አልወስንልህም አልኩት። ባልደረባው አሁንም በየሦስት ወሩ ለምርመራ ሆስፒታል ትመላለሳለች፤ የሚያደርሳት ሰው ደግሞ የላትም። በመጨረሻ ስንነጋገር መኪናውን ሊያስመረምር ወደ ጋራዥ እየሄደ ነበር።