አዲስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ለባልንጀራችን ያለብን ዕዳ

አንባቢ ሆይ፤ አዲስ መሣሪያ ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ለአንዱ እንጀራ ይዞለት ይመጣል፤ ከሌላው መሶብ ግን ያነሣበታል። መሣሪያው ነፍስ የሌለው ነገር ነውና በደለኛ ልንለው አንችልም። እንግዲያስ ሥራውን ያጣው ሰው ጉዳት የማን ዕዳ ነው? የማንም አይደለም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ብዬ አልፌአለሁ። አሁን ግን ነገሩን በአንድ ሥራ፥ ይኸውም በጽሕፈት ሥራ እንመርምር፤ ይህ ሥራ በአዲስ አበባ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታይቷልና።

ቀድሞ በአገራችን መጽሐፍ የሚገኘው በቁም ጸሐፊ እጅ ነበረ። የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ፥ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ጸሐፊውም መቃውን ቀርጾ በጥቁርና በቀይ ቀለም ሲጽፍ አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊት በሮም በግዕዝ ታተመ፤ በፊደላችን ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የቁም ጸሐፊው ኑሮ አልተናጋም። በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በእኛ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ነው፤ ከእርሱ ጥቂት ዓመታት በፊት ሌሎች ማተሚያዎች ወደ ከተማይቱ ቢገቡም እንኳ፥ በመካከሉ አራት መቶ ዓመት ያህል አልፏል።

ከዚያም ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መጣ። ፊደላችን ከ230 በላይ ቅርጽ ስላለው ያ ሁሉ በመኪናው ቁልፎች ላይ ሊሰፍር አልቻለም፤ ስለዚህ ጸሐፊው አንዱን ቅርጽ መትቶ ቅጥያውን ደግሞ ይጨምርበት ነበረ። ይህን በፍጥነትና ያለ ስሕተት ለማድረግ ብዙ ልምምድ ያሻል፤ ያን የተማረ ሰውም በመሥሪያ ቤት ወይም በፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ቤተሰቡን ያስተዳድርበት ነበረ። ኋላም ኮምፒዩተር መጣ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፥ ጉዳዩን ቢነግሩት ደብዳቤውን ራሱ ያቀናብራል።

እንግዲህ ዘመኑን ቁጠር። ከብራና እስከ ማተሚያ ቤት ብዙ ትውልድ አለፈ፤ አባት በብራናው ሥራ አርጅቶ ሲሞት ልጁ ሌላ ሙያ ለመማር ጊዜ ነበረው። ከጽሕፈት መኪና እስከ ኮምፒዩተር ግን የአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ ነው፤ ከኮምፒዩተር እስከ ዛሬውም ከዚያ ያነሰ ነው። ጉዳቱ በልጅ ልጅ ላይ ሳይሆን በራሱ በሠራተኛው ላይ፥ ያውም ልጆቹ ገና ሳያድጉ ይወድቃል። ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ይህ ነው።

«አንዱ ሥራ ሲጠፋ ሌላው ይፈጠራል» ብለህ ትመልስልኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ማተሚያ ቤት ለፊደል ለቃሚው፥ ለአራሚውና ለጠራዡ እንጀራ ሰጥቷል፤ መጽሐፍንም ለድሃ ልጅ አድርሷል። ይሁን እንጂ አዲሱ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለወጣቱ ነው እንጂ አሮጌውን ላጣው ሰው አይደለም። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉዳት አይክስም፤ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ካላካሰው በቀር።

በወጣትነቴ ጉዳይ በገጠመኝ ጊዜ ሁሉ፥ በአንድ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ሽማግሌ በጽሕፈት መኪናቸው ማመልከቻ ይጽፉልኝ ነበረ። ከመንገዱ ማዶ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት በተከፈተ ጊዜ ግን ሥራው ፈጣንና ያማረ ነውና ወደዚያ ሄድሁ። ሽማግሌው አዩኝ፤ እኔም እንዳላየኋቸው ሆኜ አለፍሁ። ማመልከቻዬ እንደ መጽሐፍ ያማረ ነበረ፤ መዝገብ ቤቱ ግን መለሰብኝ፤ የውሉ ቀን አልተጻፈበትም፥ ከዳኛው የምለምነውም ነገር አልተገለጠበትም። አፍሬ ወደ ሽማግሌው ተመለስሁና «አባባ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም «እርሱስ ይቅር፥ ልጄ፤ ውሉን የተዋዋላችሁት መቼ ነው? ምስክሩስ ማን ነበረ? ዳኛው ምን እንዲያደርጉልህ ትሻለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ለካ እኔ ቁልፍ መምታት የመሰለኝ ሥራቸው ሰምቶ መጠየቅ ኖሯል። ቁልፍ መምታቱን መኪና ወሰደባቸው፤ ይህን ግን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ።

ነገ ምናልባት መኪናው ይህንንም መጠየቅ ይችል ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን ዕዳችን አይሰረዝም፤ ሽማግሌው የሚከበሩት ስለሚጠቅሙን ብቻ አይደለምና። የወይኑ አትክልት ጌታ በአሥራ አንደኛው ሰዓት ሥራ ፈትተው የቆሙትን ባገኘ ጊዜ የቀጠራቸው እንደሌለ ሰማ እንጂ ሰነፎች ብሎ አልነቀፋቸውም። እኛ ግን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያልን በሥራ ፈቱ እንስቃለን፤ ሥራ የለመደ እጅ ባዶውን ሲቀር ምን ያህል እንደሚያሳዝን አናስብም።

ስለዚህ አንተ አዲሱን መሣሪያ የተማርህ ወጣት፥ ለአዛውንቱ ከጎንህ ወንበር ስጣቸው፤ አንተ ፍጥነቱን አምጣ፥ እርሳቸው ማስተዋሉን ያምጡ፤ ዋጋውንም ተካፈሉ። አንተ የሥራ ባለቤት፥ ለመኪናው ገንዘብ ስትመድብ ሠራተኛህን ለማስተማሪያም መድብ፤ ያ ሳይቆጠር የመኪናው ዋጋ ሙሉ አይደለም። አንተም የለመድኸው ሥራ የጠፋብህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ መሣሪያውን በመርገም ቀኑን አትፍጁ፤ ከልጅ መማር ውርደት አይደለም፤ ትጋታችሁና ታማኝነታችሁ ከመቃው ወደ ቁልፉ አብረዋችሁ ይሄዳሉና።

አንባቢ ሆይ፤ በርካሽና በፍጥነት የተሠራልህን ጽሑፍ በእጅህ በያዝህ ጊዜ፥ ከዋጋው የጎደለውን ማን እንደ ከፈለልህ አስብ። ያን ሰው በመንገድ ባገኘኸው ጊዜ እንዳላየኸው ሆነህ አትለፍ።