በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ ክፋት አለ?

የወባ ተውሳክ ሕፃናትን ይገድላልና የክፋት መልክ አድርጎ ማየት ይቀላል። ክፋት ግን ሐሳብን ይጠይቃል፤ በትንኟ ሆድ ውስጥ ደግሞ የሚያስብ የለም። ሴቷ የወባ ትንኝ፣ አኖፌለስ ጋምቢዬ፣ ደም የምትመጠው ለእንቁላሏ ነው። ደሙ ሲገባ ከኤክዳይሶን የሚገኝ ሆርሞን በሰውነቷ ይበዛል፤ እንቁላሉም በእርሱ ይጎለምሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ ሆርሞን ሥራ ሲታወክ እንቁላሉ አነሰ፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ግን ፈጥኖ አደገ። በጤናማዋ ትንኝ ውስጥ ተውሳኩ የእንቁላሏን ድርሻ አይሻማም። እኛን የሚገድለው ነገር የሚያድገው አንዲት እናት ዘሯን በምታፈራበት በዚያው ሥርዓት ውስጥ ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ ሥርዓቱን የሠራው የፈጣሪ ነው» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ልጇን በቀበረች እናት ፊት በሆርሞን ገለጻ አይመለስም፣ እኔም መልሼዋለሁ አልልም። ማስረጃው የሚከለክለን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጉዳቱን ከሕይወት ተነጥሎ እንደሚፋቅ እድፍ መቁጠርን።

ሌላው ደግሞ «ጥፋተኛ ከሌለ ለምን እንዋጋለን?» ይላል። ጎርፍን ሳንጠላው እንገድባለን። እንዲያውም ጥላቻ ያሳስታል፤ እንቁላሏን ማምከን ብቻ ግብ ካደረግን፣ በሕይወት የቀረችውን ትንኝ ይበልጥ አደገኛ ልናደርጋት እንችላለን። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት የሆርሞኑን ሥራ የሚያስመስል ኬሚካል የነካት ትንኝ የእንቁላሏም የተውሳኩም እድገት ተገትቷል። ሁለቱም መንገዶች ትንኟን ያመክናሉ፤ የሰው ነፍስ የሚያድነውን ለይቶ የማወቅ ግዴታ የእኛ ነው፣ ከሦስቱ ፍጡራን፣ ከትንኟ፣ ከተውሳኩና ከሰው፣ ማወቅ የምንችለው እኛ ብቻ ነንና።