ያልመጣው እረኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤

በክረምቱ ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወረታ ስመለስ ሕፃናቱን ስለ ቤት እንስሳት እንዳስተምር ታዘዝኩ። ላም፣ በሬ፣ በግና አህያ በካርቶን ላይ ስዬ ሄድኩ። «ይህች ምንድን ናት?» ስላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ «ላም!» አሉ። «ላም ከመታለቧ በፊት ጥጃዋ ለምን ይጠባል?» ስላቸው ግን ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ወንድሜ ቢኖር ይነግርዎ ነበር፤ እሱ ግን ከብት ይዞ ሄዷል» አለችኝ።

መልሱ፣ ጥጃው ሲጠባ ላሟ ወተቷን ታወርዳለች የሚል ነው። ነገር ግን የልጅቱ ቃል ልቤን ነካው። ከብት የሚያውቀው ልጅ በሜዳ ቀርቶ፣ እኛ ሥዕል ይዘን ስለ ከብት እንማራለንና።

እንግዲህ ልብ በሉ። የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ረግረጉን የለመደ ዝርያ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሩዝ በሜዳው ተስፋፋ። ሩዙ በረከት ነው፤ ብዙ ቤት አጥግቧል፤ ገለባውም ለከብቱ መኖ ሆኗል። ነገር ግን የግጦሹ መሬት ጠበበ፤ ቀድሞ ከብት በሰፊው ይሰማራበት የነበረው ቦታ ዛሬ የሰው ማሳ ነው። ስለዚህ እረኛው ዐይኑን ለአፍታ እንኳ መንቀል አይችልም፤ አንዲት ጊደር ማሳ ብትገባ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላልና። ከብት ደግሞ እሑድም ሣርና ውኃ ይፈልጋል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 እግዚአብሔር በሬውና አህያውም በሰንበት እንዲያርፉ አዝዟል። ታዲያ በሬው ከቀንበር ሲያርፍ ሕፃኑ እረኛ መቼ ይረፍ? ነቢዩ ሳሙኤልም በቤተ ልሔም ሰባቱን የእሴይ ልጆች ካየ በኋላ፣ በግ ጠባቂው ታናሽ ሳይመጣ ማዕድ እንደማይጀመር መናገሩን በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 እናነባለን። እኛ ግን ስንቱን ዳዊት በሜዳ ትተን ተቀምጠናል!

እኔ ራሴ ታላቅ ወንድሜ እሑድ እሑድ ከብቱን እየጠበቀልኝ መዝሙር የተማርኩ ነኝ። ይህን ረስቼው ነበር።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ተክቼ ከከብቱ ጋር ዋልኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ወይፈን ወደ ሩዝ ማሳ አመለጠኝ፤ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶብኝ በባዶ እግሬ ሮጬ መለስኩት። ልጁም በክፍል ውስጥ ሥዕሌን አይቶ «የላሟ ግት ሞልቷል፤ ጥጃዋ የታለ?» ብሎ ሁሉንም እንዳሳቀ፣ ከዚያም አለባውን አንድ በአንድ እንዳስረዳቸው ነገሩኝ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። ጉልበት ያለን ወጣቶች ተራ እንግባ። በየእሑዱ ሁለት ሁለት እየሆንን ከብት እንጠብቅ፤ እረኞቹ ሕፃናት መጥተው ይማሩ፤ ስለ እንስሳትም እነርሱ ያስተምሩን። በሚቀጥለው እሑድ ከመቀመጣችን በፊት፣ ያልመጣው ማነው ብለን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።