ዳኛ የፈታትን ማን ያስራታል?

ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበታት ልጅ በእርግጥ ነፃ ናት ወይ? ዛሬ ይህን ጥያቄ እናንሣ። (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ብሎ በነፃ ለቀቃት። ያኔ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ በ2005 የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው። በ2014 ታሪኳ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ዓለምን ዞረ። አበራሽ ግን ወደ ተወለደችበት ቀዬ ተመልሳ መኖር አልቻለችም። ዳኛው ፈታት፤ አገሬው አልፈታትም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳንል ሐጅ ዩሱፍን እናስታውስ። በ2023 ጦርነቱ ሳይበትነን በፊት፣ ሻይ ስትሸጥ ወይም አረቄ ከሚወጣበት ቤት ተገኝታ የተያዘች የኛ ልጅ ነበረች። በ2010 የወጣው የሱዳን የሕፃናት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለችውን ሕፃን ይላታል፤ ነገር ግን ወረቀት የሌላት ስደተኛ ዕድሜዋን በምን ታስረዳ? እንድትፈታ መዋጮ አወጣን። ስትመለስ ግን ቡና አፍልተን አልጠራናትም፤ ልጆቻችንንም ከእርሷ ጋር እንዳይታዩ ከለከልን። ስሟም ቀርቶ «ያቺ የታሰረችው» ሆነ። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሄደች የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

የዳኛ ፍርድ ቀን ይቈረጥለታል፤ ይግባኝም አለው። እኛ በጓዳ የፈረድነው ግን ማብቂያ የለውም፤ ተከሳሿም ቀርባ አትሰማም። ታዲያ የቱ ይከፋል?

«የሟች እናትስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኀዘን በፍርድ ቤት ውሳኔ አይሽርም። አልቃሽዋን እናስተዛዝናት፤ ከእርሷ ጋር እናልቅስ። ስለ ሟች ማልቀስና በሕያዋ ላይ በር መዝጋት ግን ለየቅል ናቸው።

እኛ በየደረስንበት «ተቀበሉን» የምንል ሰዎች ነን። ነገ አንዲት ልጅ ከእስር ወደዚህ ሰፈር ብትመለስ፣ አቦሉ ሳይቀዳ እንጥራት፤ በስሟም እንጥራት።