ነገ ይዘንባል ያለ ሰው ዕዳ

አንድ ሰው «ነገ ይዘንባል» ብሎን ሳይዘንብ ቢቀር ዋሸን እንላለን? አንልም። ዋሾ ማለት የሚያውቀውን እውነት ደብቆ ሌላ የሚናገር ነው፤ ነገን ደግሞ የሚያውቀው የለም። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል። ያከራከረን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ዋሾ ያልሆነው ሰውስ ምንም ዕዳ የለበትም?

ነገሩን በአሰላ ላይ እንየው። ከመካከላችን የዚያው አገር ልጆች ስላሉ ብቻ አይደለም፤ ቦታው ለጥያቄው ይመቻል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው ደግሞ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ የዝዋይን ሐይቅ ያገኛል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ በረዶ ሲወርድ፣ ከተማው ሲያካፋ፣ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በየኪሳችን ያለው ስልክ ግን ለዚህ ሁሉ «አሰላ፣ ሐሙስ፣ ዝናብ 40 በመቶ» ይለናል፤ ከጎኑም አንዲት ትንሽ ደመና ሥሎ! ትንበያውን የሚያሰላው ኮምፒዩተር ምድርን በካሬ በካሬ ከፍሎ ነው የሚያያት፤ ዓለምን ከሚሸፍኑት ከታወቁት መካከል ጥሩ የሚባለው እንኳ የካሬው ጎን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአርሲ ደጋ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ስንት ዳገትና ስንት ሸለቆ ነው።

ከዚህ የባሰው ቃሉ ነው። ለመሆኑ «ዝናብ» ምንድን ነው? እናቶቻችን ካፊያውን ከዶፉ፣ ወጨፎውን ከበረዶው ለይተው ይጠሩታል፤ በኦሮምኛም ቦካና ጨቢ አንድ አይደሉም። በዝናብ መለኪያው ዕቃ ውስጥ ሲገቡ ግን አንድ ይሆናሉ። በረዶው ቀልጦ በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑ ነው። ታዛቢው በማስታወሻው «በረዶ ነበር» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ድምሩ ግን አይለየውም። እንግዲህ ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ሲጥል ውሎ ስንዴውን ያጠጣ 20 ሚሊ ሜትርና፣ ያሸተ ገብስ በሩብ ሰዓት ማሳው ላይ የወቃ 20 ሚሊ ሜትር በመዝገብ መንትያ ናቸው። ቁጥሩ አልዋሸም። እውነቱን ነገረን ለማለት ግን አፋችን አይደፍርም።

«ታዲያ ካላወቁ ዝም አይሉም?» አለን አንዱ ጓደኛችን፤ የፍልስፍና ተማሪ ነው፣ ዝምታ ይወዳል።

ዝምታ ግን ተሞክሮ ታይቷል። ዳርዊንን በቢግል መርከብ ይዞ የዞረው እንግሊዛዊ ሮበርት ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በማዕበል ሰጥማ ከ400 ሰው በላይ ካለቀ በኋላ፣ በ1861 ለወደቦች የማዕበል ማስጠንቀቂያ፣ ለጋዜጣ አንባቢም የአየር ትንበያ መስጠት ጀመረ። ትንቢት አይደለም እያለ ቢያስረዳም፣ በሳተ ቁጥር ይሳለቁበት ነበር። (የእኛ ቋንቋማ ይባስ ብሎ ትንበያንና ነቢይን ከአንድ ሥር አውጥቷቸዋል፤ ሰሚው ነቢይ ቢጠብቅ ምን ይፈረድበታል?) በ1865 ራሱን አጠፋ። ሊቃውንቱም ጉዳዩን መርምረው ሥራው በቂ የሳይንስ መሠረት የለውም አሉና በ1866 እንዲቆም ተደረገ። ማስጠንቀቂያው ይመለስልን ብለው የጮኸት ከባሕር ጋር የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ የጋዜጣው ትንበያ ግን እስከ 1879 ቆየ። ሊቁ ስህተትን ፈራ፤ መርከበኛው የፈራው ዝምታን ነበር።

በአርሲ መርከበኛው ገበሬው ነው። ኅዳር ላይ ስንዴው ደርሶ ሳለ ሰማዩ ይከብዳል። ዝናብ ይመጣል ብሎ ኮምባይነር ቶሎ ከጠራና ሳይዘንብ ከቀረ፣ እርጥብ እህል በርካሽ ይሸጣል። ጠብቆ ከዘነበበት ደግሞ ስንዴው እዛላው ላይ ሊበቅልበት ይችላል። እኛ በትንበያ ስህተት የምናጣው ቢበዛ ደረቅ ጫማ ነው፤ ለእኛም ለእሱም ግን የሚነገረው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ ዕዳ አለ እንላለን። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን ሲያዘጋጅ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ለእያንዳንዱ ዕድሉን በመቶኛ ይሰጣል። ይህ ጥርጣሬን የማይደብቅ ንግግር ነው፤ ደግ ነው። ገበያ ሲደርስ ግን መቶኛው ሁሉ ተራግፎ «ዘንድሮ ይዘንባል ተባለ» ይሆናል፤ ይህንን የምናራግፈው ደግሞ እኛ ሰሚዎቹ ጭምር ነን። በሌላ በኩል «በአንዳንድ ስፍራዎች ዝናብ ሊኖር ይችላል» የሚል ቃል አለ። ይህ ከቶ አይሳሳትም፤ የሆነ ቦታ ይዘንባላ! የማይሳሳት ቃል ለተናጋሪው መጠለያ ነው፤ ኮምባይነር ልጥራ አልጥራ ለሚለው ሰው ግን ምንም አልተናገረም።

ጓደኛችን አሁንም አልተረታም። ትንበያ ነጋሪው በየሳምንቱ «ያልኩት ይህ ነበር፣ የሆነው ግን ይህ ነው» ይበል ብንለው፣ «ሦስት ጊዜ ስቻለሁ የሚልን ሰው ማን ይሰማዋል?» አለ። ገበሬው ይሰማዋል እንላለን። ከአሥር ስንቱን እንደሚስት ካወቀ፣ ስንት ማሳ ቀድሞ አሳጭዶ ስንቱን እንደሚያቆይ ራሱ ያሰላዋል።