የሳቫና ደብዳቤዎችና የሁለት ወገን ጸሎት

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በኅዳር 1861 እ.ኤ.አ. የሰሜኑ ባሕር ኃይል በአቅራቢያዋ ያለውን ፖርት ሮያልን ሲይዝ፣ የጆርጂያዋ የወደብ ከተማ ሳቫና ተራው የእሷ መሆኑን አወቀች። ጦርነቱ ሲጀመር የከተማዋ ከንቲባ የነበረው ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የመድፈኛ መኮንን ሆነ፤ ስለ ምሽጉ፣ ስለ ጠላት መርከቦችና ስለ ቤተሰቡ ጤና ለወላጆቹ ይጽፋል፤ እነሱም በሊበርቲ ካውንቲ ካለው እርሻቸው ይመልሱለታል።

በ1972 በመጽሐፍ የታተሙት እነዚህ ደብዳቤዎች ልብ ይነካሉ። ልጁ በሐምሌ 1861 ሴት ልጁንና ሚስቱን በቀናት ልዩነት ቀበረ፤ የተረፈችውን ጨቅላ አያቶቿ ተቀበሏት። ሞክሼ አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ሰባኪ ነበሩ። እግዚአብሔር ልጃቸውንና ከተማይቱን እንዲጠብቅ የለመኑት ከልባቸው ነው። ግብዝ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ከባዱ ጥያቄ ግን የሚጀምረው ቅንነታቸውን ስናምን ነው።

እኚሁ ሰው ከመቶ በላይ ባሮች ነበሯቸው። ትምህርተ ሃይማኖት አዘጋጅተው በቃል ያስተምሯቸዋል፤ ባሪያን ማንበብ ማስተማር በጆርጂያ ከ1829 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏልና። በሐምሌ 1862 ባሮች ወደ ሰሜን መርከቦች ሲኮበልሉ፣ አባትና ልጅ ናፍቆታቸውን በሚገልጹበት ብዕር ስለ ቅጣቱ ተማከሩ።

ሌላም የቤተሰብ ደብዳቤ አለ። ጆንሶች አንዲት ወጣት ብትኮበልልባቸው ከነወላጆቿ ሸጠዋት ነበር። በ1857 ከኒው ኦርሊንስ የደረሰው ደብዳቤ፣ እናቲቱ ጆርጂያ ለቀሩት ሴቶች ልጆቿ የላከችውን ሰላምታ ይዟል።

ቤቴን ጠብቅልኝ የሚል ሰው ቤቱ የቆመበትንም ሁሉ አብሮ ይለምናል። የጆንሶች ልመና ያቺ እናት ከልጆቿ እንደተለየች እንድትቀር የሚጠይቅ ነበር፤ ከባሮቹ ጎጆ የሚወጣው ጸሎት ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል። ቄሱ የልጅ ናፍቆት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ጭንቀታቸው የሌላውን ጭንቀት ሊያሳያቸው ሲገባ፣ የራሳቸውን ብቻ አጎላባቸው።

እሳቸው በ1863 አረፉ። ሳቫና በታኅሣሥ 1864 በጄኔራል ሸርማን እጅ ወደቀች። ወታደሮች የቄሱን ባልቴት ቤት በረበሩ፤ ሴት ልጃቸውም በዚያ ሽብር መካከል ወለደች። የእሳቸውም መከራ መከራ ነው፤ የእጃቸውን አገኙ ብሎ መደሰት አይገባም።

በጥር 12 ቀን 1865 ሸርማን 20 ጥቁር የሃይማኖት አባቶችን በሳቫና አነጋገረ። ቃል አቀባያቸው የ67 ዓመቱ ጋሪሰን ፍሬዚየር ነበሩ፤ በ1857 ገደማ ራሳቸውንና ሚስታቸውን በ1,000 ዶላር ገዝተው ነጻ የወጡ የባፕቲስት ሰባኪ። ባርነት ምንድን ነው ቢሏቸው፣ የሌላውን ሰው ድካም ያለ ፈቃዱ በኃይል መውሰድ ነው አሉ። የጠየቁትም መሬት ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን የባሕር ዳርቻው የሩዝ እርሻ ነጻ ለወጡት ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር እየሆነ እንዲከፋፈል አዘዘ። በዚያው ዓመት ግን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች እንዲመለስ አደረገ፤ ስለዚህ የሳቫናን መውደቅ የእግዚአብሔር የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ ማንበብም አይቻልም።