ወላጅን መጠበቅ ወይስ ወላጅን ማገድ?

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን በኢሜይልና በስልክ መልእክት እየተታለሉ ጥሪታቸውን ሲያጡ ማየት የተለመደ ሆኗል፡፡ አታላዩ ባንክ መስሎ ይጽፋል፤ «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነውና ይህን ሊንክ ተጭነው የምስጢር ቁጥርዎን ያስገቡ» ይላል፡፡ አንዳንዴም «ለነፃ ዑምራ ተመርጠዋልና የመመዝገቢያውን ዛሬውኑ ይላኩ» ይላል፡፡ የሚከፈተው ገጽ የባንኩን ይመስላል እንጂ የባንኩ አይደለም፡፡ ተንኮሉ የቆመው በጥድፊያና በምስጢር ላይ ነው፡፡

ይህ ሲደርስ ብዙ ልጆች የሚወስዱት እርምጃ አንድ ነው፡፡ የአባታቸውን ስልክ ይቀማሉ፤ የባንክ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ፤ «ነግሬዎት አልነበረም?» ይላሉ፡፡ ለመሆኑ ይህ መጠበቅ ነውን?

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከአነስ ባስተላለፉት ሐዲስ፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በግብይት ላይ ማመዛዘን ይከብደው የነበረ ሰው ነበር፡፡ ቤተሰቦቹ ቀርበው እንዲታገድላቸው ጠየቁ፡፡ ነቢዩም ጠርተው እንዳይገበያይ ነገሩት፤ ሰውዬው ግን ግብይት መተው እንደማይችል ገለጸ፡፡ ያን ጊዜ በግድ አላገዱትም፤ ሲገበያይ ማታለል እንደሌለ አስቀድሞ የሚናገርበትን ቃል አስተማሩት እንጂ፡፡

ከዚህ የምረዳው ይህን ነው፤ ደካማውን ሰው ከገበያ ማስወጣት ብቻ ሳይሆን በገበያው ውስጥ ጋሻ ማስያዝም ይቻላል፡፡ በፊቅህ መጻሕፍትም በገንዘብ ላይ እገዳ (ሐጅር) ከሚጣልባቸው መካከል ሕፃን፣ አእምሮውን የሳተና ገንዘቡን በከንቱ የሚበትን ይጠቀሳሉ፡፡ ሽበት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፡፡ በሕመም ማስተዋላቸው የተጓደለ ወላጆች ጉዳይ የተለየ ነው፤ እሱም ቢሆን በምክክርና በማስረጃ እንጂ በልጅ ንዴት አይወሰንም፡፡

ቁጣ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፡፡ በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ገንዘብ ከተወሰደባቸው በኋላ ለሳምንታት ዝም አሉ፡፡ የፈሩት ሌባውን ሳይሆን የልጆቻቸውን ፊት ነበር፡፡ ወዲያው ቢናገሩ ኖሮ ባንኩ ሒሳቡን ቶሎ ሊያግደው ይችል ነበር፡፡ እንግዲህ ወላጁን የሚያሸማቅቅ ልጅ ሳያውቀው ለአታላዩ ጊዜ ይገዛለታል ማለት ነው፡፡ ሰውን ማመን ነውር አይደለም፤ ነውሩ የአታላዩ ነው፡፡ በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው አታላዩን እንጂ የተታለለውን አይደለም፡፡

ስለዚህ ለወላጆቻችን እኛም አንድ ቃል እናስተምራቸው፤ «ቆይ፣ ልጄን ልጠይቅ» የሚል፡፡ የምስጢር ቁጥርና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንደማይነገር፣ ወደ ባንክ የሚደወለውም በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ሳይሆን በደብተሩ ላይ ባለው ስልክ መሆኑን በእርጋታ እናስረዳቸው፡፡ ከሁሉ በላይ ግን በሌሊትም ቢጠይቁን ሳንሰለች እንመልስላቸው፡፡ ልጁን ለመጠየቅ የማይፈራ አባት ለአታላይ በቀላሉ አይመችም፡፡

ወላሁ አዕለም፡፡